ከካባው በፊት አፈሩ፦ በሀዲያና በከምባታ የተቆፈረ መሬት ወደ እርሻ የሚመለሰው እንዴት ነው?

የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በይፋ ከተመሠረተ ወዲህ የክልሉ የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከል የሆነችው ሆሳዕና ከተማ በግንባታ ላይ ትገኛለች። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ የመኖሪያ ሕንፃዎች፣ የውስጥ ለውስጥ መንገዶች፣ የውኃ መውረጃ ቦዮች ይሠራሉ። ዱራሜ፣ ሾኔ፣ ሺንሺቾ፣ ሀደሮና አንጋጫም በየአቅማቸው እየሰፉ ናቸው። ለዚህ ሁሉ ግንባታ የሚያስፈልገው ድንጋይ፣ ገረጋንቲ፣ አሸዋና ቀይ አሽ የሚገኘው ከተሞቹን ከሚከብቡት የገጠር ቀበሌዎች ነው።

ካባ ሲከፈት የመኪናው አካፋ በመጀመሪያ የሚያገኘው ድንጋዩን አይደለም። በመጀመሪያ የሚነካው አርሶ አደሩ ሲያርሰው፣ ሲያዳብረውና ሲዘራበት የኖረውን የላይኛውን ለም አፈር ነው። በተለመደው አሠራር ዶዘሩ ይህን አፈር ከታችኛው ጋር ደባልቆ ወደ ጉድጓዱ ጠርዝ ይገፋዋል። ከፊሉ ለመሙያ ይጫናል፤ ከፊሉ በክረምት ዝናብ ታጥቦ ወደ ቦረቦር ይወርዳል። ድንጋዩ አልቆ ቦታው ይመለስ የተባለ ዕለት ግን የሚመለስ አፈር አይኖርም።

ከዚህ የተነሳ የተቆፈረ መሬትን መልሶ ማልማት በካባው የመጨረሻ ቀን የሚታሰብ ሥራ ተደርጎ መታየቱ መሠረታዊ ስሕተት ነው። መሬቱ ወደ እርሻ መመለስ አለመመለሱ በአብዛኛው የሚወሰነው በመጀመሪያው ሳምንት፣ የላይኛው አፈር ተለይቶ በተነሣበት ወይም ባልተነሣበት ጊዜ ነው። ሕግም ሆነ ገንዘብ ከዚያ በኋላ ሊያደርገው የሚችለው ነገር ውሱን ነው።

ጠባብ መሬት፣ ብዙ ሕዝብ

ጉዳዩ በዚህ አካባቢ ከሌላው ቦታ ይልቅ የሚከብድበት ምክንያት ግልጽ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የያኔው የከምባታ ጠምባሮ ዞን 680 ሺህ ያህል ሕዝብ ነበረው፤ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 500 ሰው ገደማ ማለት ነው። ከ1 ነጥብ 2 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በነበረው የሀዲያ ዞን ደግሞ በካሬ ኪሎ ሜትር 340 የሚጠጋ ሰው ይኖር ነበር። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ሕዝቡ ጨምሯል፤ መሬቱ ግን ያው ነው። በብዙ ቀበሌዎች የአንድ ቤተሰብ ይዞታ ከግማሽ ሄክታር አይበልጥም፤ ልጆች ትዳር ሲይዙ እርሱም ይከፋፈላል።

በእንዲህ ዓይነት አካባቢ አንድ ሄክታር የሚሸፍን ካባ ማለት የሁለት ወይም የሦስት ቤተሰብ ኑሮ ማለት ነው። ሰፊ መሬት ባለበት ቆላ አንድ ጉድጓድ ተትቶ ወደሚቀጥለው ይኬዳል። በአንጋጫ፣ በዶዮገና ወይም በሆሳዕና ዙሪያ ባለው የሌሞ ወረዳ ግን የሚኬድበት ተለዋጭ መሬት የለም። ተከፍቶ የቀረ ጉድጓድ ደግሞ ራሱ ጉዳት ያመጣል። ክረምት ውኃ ያቁርና ለሕፃናትና ለከብት አደጋ ይሆናል፤ ዝቅ ባሉት ወረዳዎች የወባ ትንኝ ይራባበታል፤ ጠርዙ እየተናደ የጎረቤትን ማሳ ይበላል።

ጉዳቱ በቀበሌው አያበቃም። የምሥራቁ የሀዲያና የከምባታ ክፍል ውኃውን ወደ ብላቴ ወንዝ፣ በእርሱም በኩል ወደ አባያ ሐይቅ ይልካል። የምዕራቡ ክፍል ወደ ጊቤና ኦሞ ይፈስሳል። በኦሞ ላይ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውና 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው የጊቤ ሦስት ግድብ ይገኛል። ከተራቆተ ካባ የሚታጠብ አፈር ለአርሶ አደሩ የጠፋ ሀብት፣ ለሐይቁና ለግድቡ ደግሞ ደለል ነው።

በአንድ ስንዝር ውስጥ ያለው ሀብት

የላይኛው አፈር በአብዛኛው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም ከአንድ ስንዝር ጥቂት የሚበልጥ ውፍረት አለው። የተፈጥሮ ብስባሹ፣ ለሰብል የሚሆነው ናይትሮጅን፣ በሥሮች ላይ ተጣብቀው ፎስፈረስ የሚያቀብሉት ፈንገሶች፣ የሣሩና የዛፉ ዘር በብዛት የሚገኙት በዚህ ስንዝር ውስጥ ነው። ከዚያ በታች ያለው አፈር ውኃ ይይዛል፤ ሥር ያቆማል፤ ብቻውን ግን ሰብል አይመግብም። የጠፋውን ስንዝር ተፈጥሮ በራሷ ለመተካት በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ያስፈልጓታል።

ይህን ለእንሰት ገበሬ ማስረዳት አያሻም። በሀዲያና በከምባታ በቤት ዙሪያ ያለው የእንሰት ጓሮ አፈር ከራቀው ማሳ የጠቆረና የለማ ነው። ለትውልዶች የከብት ፍግ፣ የምድጃ አመድና የቤት ጥራጊ ሲጨመርበት ስለኖረ በሰው እጅ የተሠራ አፈር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እንሰት ከተተከለ በኋላ ለምግብ እስኪደርስ በጥቅሉ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይወስዳል። የጓሮ አፈሩን ያጣ ቤተሰብ የሚያጣው የአንድ ዓመት ሰብል ሳይሆን የበርካታ ዓመታት የምግብ ዋስትናውን ነው። የካሳ ስሌት ምርትን ይቆጥራል፤ አያት ቅድመ አያት ያዳበሩትን አፈር ግን የሚቆጥርበት መስመር እምብዛም አይገኝበትም።

መጠኑን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ከአንድ ሄክታር ላይ 25 ሳንቲ ሜትር አፈር ሲነሣ 2,500 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ክብደቱ 3 ሺህ ቶን ገደማ ነው። 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ገልባጭ መኪና ቢያንስ 157 ጊዜ መመላለስ ይጠይቃል። አንድ ጊዜ የጠፋን አፈር ከሌላ ቦታ አምጥቶ ለመተካት ማሰብ ምን ያህል ውድ እንደሆነ፣ ከዚያም በላይ የሌላውን ሰው ማሳ ማራቆት እንደሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሁሉም አፈር አንድ አይደለም

አፈሩን ማዳን ማለት ያገኙትን ሁሉ በአንድነት መከመር አይደለም። የትኛው አፈር ለምን እንደሚሆን አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። በደጋውና በወይና ደጋው የአካባቢው ክፍል ቀይ፣ ጥልቅ አፈር ይበዛል። ይህ አፈር ለእንሰት፣ ለስንዴ፣ ለገብስና ለባቄላ የተመቸ ቢሆንም አሲዳማነት ያጠቃዋል። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት 40 በመቶ የሚያህለው በአሲዳማነት እንደተጠቃ ይገመታል፤ ዝናብ የሚበዛበት የደቡቡ ደጋም የዚህ ችግር ተካፋይ ነው። የአፈሩ የፒኤች መጠን ከ5 ነጥብ 5 ሲወርድ በውስጡ ያለው አሉሚኒየም እየሟሟ ሥርን ይጎዳል፤ ፎስፈረስም ታስሮ ለሰብሉ አይደርስም። የታችኛው አፈር ብዙ ጊዜ ከላይኛው ይልቅ አሲዳማ ነው። ዶዘሩ ሁለቱን ሲደባልቅ የላይኛውን ያበላሻል እንጂ የታችኛውን አያለማም።

ወደ ስምጥ ሸለቆው በሚያዘነብሉት ዝቅተኛ ቦታዎች ያለው አፈር ደግሞ ከእሳተ ገሞራ አመድ የመጣ፣ ቀላልና አሸዋማ ነው። በቀላሉ ይቆፈራል፤ በቀላሉም ይታጠባል። ውኃ በሚተኛባቸው ሜዳማ ቦታዎች መረሬ አፈር ይገኛል፤ እርጥብ ሳለ በከባድ መኪና ከተረገጠ እንደ ጡብ ይጠጥራል። ሦስቱን በአንድ መመሪያ ማስተዳደር አይቻልም።

ስለዚህ ካባ ከመከፈቱ በፊት የሚደረግ የአፈር ጥናት ጥቂት ጥያቄዎችን መመለስ አለበት። የላይኛው አፈር ውፍረት በየቦታው ስንት ነው? የአሲድ መጠኑ፣ የብስባሹ መጠን፣ የአሸዋና የሸክላ ድርሻው ምን ያህል ነው? ከሥሩ ያለው አፈር ለሥር ምቹ ነው ወይስ ድንጋያማ? መልሱ ቦታው ወደፊት ለምን እንደሚውል ይወስናል። ጥልቅ አፈር የዳነለት ቦታ ወደ እንሰትና እህል ሊመለስ ይችላል። አፈሩ ስስ የሆነበት ለደሾ ሣርና ለመኖ ይሆናል። ዓለቱ የወጣበት ዳገት ለዛፍ ወይም ለከተማ አገልግሎት ይታሰባል። ሀደሮን በመሰለ ዝንጅብል አብቃይ አካባቢ፣ ሰብሉ ልልና ለም አፈር የሚወድ በመሆኑ፣ የላይኛውን አፈር ሳያድኑ መሬቱን መልሻለሁ ማለት ትርጉም አይኖረውም።

ለዚህ የሚሆን ዕውቀት በአቅራቢያው አለ። በ2004 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ የአፈር መረጃ ሥርዓት በየወረዳው የአፈር ለምነት ካርታ ለማዘጋጀት የተቋቋመ ነው። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ በሆሳዕና ይገኛል፤ በዱራሜም ካምፓስ አለው። በእንሰትና በሥራ ሥር ሰብሎች ላይ የሚሠራው የአረካ የግብርና ምርምር ማዕከል በአጎራባች ወላይታ ነው። ለማዕድን ፈቃድ የሚሆን የአፈር ናሙና ለማስመርመር ከአካባቢው ርቆ መሄድ አያስፈልግም።

ክምር ሆኖ የሚሞት አፈር

የላይኛው አፈር ተለይቶ ቢነሣ እንኳ አያያዙ ካልታወቀ ይሞታል። አፈር ሕይወት ያለው ነገር ነው። ከፍ ተደርጎ ሲከመር መሐሉ አየር ያጣል፤ ረቂቅ ሕዋሳቱ ይዳከማሉ፤ በውስጡ ያለው ዘር የመብቀል ኃይሉን ያጣል። ክምሩ ዓመታት ባስቆጠረ ቁጥር ጉዳቱ ይበረታል። በዚህ ምክንያት የክምሩ ከፍታ ከ2 ሜትር ገደማ ባይበልጥ ይመከራል።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። እርጥብ አፈር ሲነሣና ሲረገጥ ውስጣዊ አቋሙ ይፈርሳል፤ ስለዚህ የማንሣቱ ሥራ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው በጋ፣ የበልግ ዝናብ ሳይገባ ቢሠራ ይሻላል። በመጀመሪያ የላይኛው አፈር፣ ቀጥሎ የታችኛው፣ ለየብቻ ይነሣል፤ ለየብቻም ይከመራል። ክምሩ ከውኃ መውረጃ የራቀ፣ በዙሪያው ቦይ የተቀደደለት፣ ሣር ወይም እንደ ምስርና ጓያ ያለ የጥራጥሬ ተክል የተዘራበት መሆን አለበት። ማንም ለመሙያ ጭኖ እንዳይወስደው ምልክት ይደረግበታል፤ መጠኑም ይመዘገባል።

ሲመለስ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። የጉድጓዱ ጠርዝ ይስተካከላል፤ የጠጠረው ወለል በጥልቀት ይታረሳል፤ የታችኛው አፈር ይነጠፋል፤ የላይኛው በመጨረሻ ይለብሳል። አሲዳማ ለሆነው ኖራ፣ ለሁሉም ኮምፖስትና ፍግ ይጨመራል። በዶዮገና አርሶ አደሮች እርከናቸውን በደሾ ሣር አጽንተው የዳገት ማሳቸውን ከመታጠብ የሚጠብቁበት ልምድ ተመልሶ ለለበሰ ካባም ይሠራል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን አፈሩን ጨርሶ አለመከመር ነው። ካባው በክፍል በክፍል ተከፋፍሎ ከተቆፈረ ከሁለተኛው ክፍል የሚነሣው አፈር ድንጋዩ ወዳለቀበት የመጀመሪያ ክፍል በቀጥታ ይሄዳል። አፈሩ ሕይወቱን እንደያዘ ይቀጥላል፤ የመጫኛ ወጪውም ከሁለት ጊዜ ወደ አንድ ይቀንሳል።

ሕጉ ምን ይላል?

የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ባለፈቃዱ በአካባቢ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ለማስተካከል የሚውል ገንዘብ እንዲመድብ ያዝዛል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ ጉዳት ሊያስከትሉ የሚችሉ ሥራዎች ከመጀመራቸው በፊት እንዲገመገሙ ያስገድዳል። በወረቀት ላይ መሠረቱ አለ ማለት ይቻላል።

ክፍተቱ የሚታየው በትናንሾቹ ካባዎች ላይ ነው። ለባህላዊ ማዕድን ማምረት ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ እንዲያቀርብ የማዕድን አዋጁ አያስገድደውም። የግንባታ ማዕድናት ፈቃድ አሰጣጥ በአብዛኛው በክልል ሥልጣን ሥር ሲሆን ክትትሉ እስከ ዞንና ወረዳ ይወርዳል። ወረዳው ስንት ሜትር ኩብ ድንጋይ እንደወጣ የሚቆጥርበት ምክንያት አለው፤ ሮያሊቲ የሚሰላው በእርሱ ነውና። ስንት ሜትር ኩብ የላይኛ አፈር እንደዳነ የሚቆጥርበት ምክንያት ግን አልተፈጠረለትም። ጉድጓዶቹ በየራሳቸው ትንንሽ ናቸው፤ አንድ ላይ ሲደመሩ የሚያደርሱት ጉዳት ግን ትልቅ ነው።

የሚመደበው ገንዘብም ብቻውን አይበቃም። ገንዘብ ዶዘር ይከራያል፣ ችግኝ ይገዛል፤ ያልተቀመጠ አፈርን ግን አያስገኝም። ስለዚህ የመልሶ ማልማት ግዴታ በብር ብቻ ሳይሆን በሜትር ኩብ አፈርም መለካት ይኖርበታል።

ቸልተኝነት የሚያስከፍለውን ዋጋ አገሪቱ በሌላ ዘርፍ አይታዋለች። በግንቦት 2010 ዓ.ም. በጉጂ ዞን የሚገኘው የለገደንቢ የወርቅ ማዕድን ፈቃድ የአካባቢ ብክለት ያስቆጣቸው ነዋሪዎች ባካሄዱት ተቃውሞ ምክንያት ታግዷል። የወርቅ ማዕድንና የድንጋይ ካባ በመጠንም በጉዳት ዓይነትም አይወዳደሩም። ሆኖም አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ፦ ነዋሪው መሬቱ እንደሚመለስለት ማመን ሲያቆም ሥራውም መቆሙ አይቀርም።

የሌሎች አገሮች ልምድ

ዩናይትድ ስቴትስ እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣችው የገጸ ምድር የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሕግ የላይኛው አፈር ተለይቶ እንዲነሣና እንዲመለስ አዝዛለች። ኩባንያው ሥራ ሳይጀምር የዋስትና ገንዘብ ያስይዛል፤ ገንዘቡ የሚለቀቅለት መሬቱ መመለሱ ሲረጋገጥ ነው። ምርጥ የእርሻ መሬት ከሆነ ደግሞ ምርታማነቱ በሰብል ምርት ተፈትኖ መታየት አለበት።

በጀርመን የራይን አካባቢ ከድንጋይ ከሰል ጉድጓዶች በላይ ያለው ለም አፈር ተለይቶ ተነሥቶ ወደ እርሻ በሚመለሰው ቦታ 2 ሜትር ያህል ውፍረት ይነጠፋል። ከዚያም ኩባንያው ራሱ መሬቱን ለ7 ዓመት ያህል ያለማዋል፤ የመጀመሪያዎቹን 3 ዓመታት አፈሩን የሚያድሰው አልፋልፋ ይዘራበታል። ገበሬው የሚረከበው ከዚህ በኋላ ነው። በምዕራብ አውስትራሊያ ባውክሳይት በሚወጣበት የጃራ ደን ደግሞ የላይኛው አፈር ሳይከመር ወደተቆፈረው ቦታ በቀጥታ ይዘዋወራል፤ ደኑም በአፈሩ ውስጥ ካለው ዘር በከፊል ራሱን ይተካል።

እነዚህ ባለ ግዙፍ መሣሪያ አገሮች መሆናቸው እውነት ነው። ከልምዳቸው የሚወሰደው ግን ከመሣሪያው ይልቅ ቅደም ተከተሉ ነው፦ አፈሩ አስቀድሞ ይለካል፣ ዋስትናው አስቀድሞ ይያዛል፣ ርክክቡም የሚፈጸመው መሬቱ ማምረት ሲጀምር ነው።

የወጪው ክርክር

በዚህ አካባቢ ካባ የሚሠሩት ተቋራጮች ብቻ አይደሉም። በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች ድንጋይ እየፈለጡና ኮብልስቶን እየጠረቡ ይተዳደራሉ። ዶዘር የላቸውም፤ ለጥናት የሚከፍሉት የላቸውም። ከአንድ ሄክታር የሚነሣ አፈር በ2 ሜትር ከፍታ ሲከመር ከ1,250 ካሬ ሜትር በላይ ቦታ ይይዛል፤ ከሄክታሩ አንድ ስምንተኛው ማለት ነው። ለጠባብ ካባ ይህ ቀላል አይደለም። ደንቡ ሲጠብቅ ወጣቱ ከሥራ ይወጣል፣ የድንጋይ ዋጋ ይጨምራል የሚለው ስጋት መሠረት የለውም ማለት አይቻልም።

ይሁን እንጂ የአሁኑ አሠራር ርካሽ የሚመስለው ወጪውን ሌላ ሰው ስለሚከፍለው ነው። የሚከፍለው ባለ ይዞታው፣ ጎረቤቱና ከታች ያለው ተፋሰስ ነው። ሸክሙን ማቃለያ መንገዶችም አሉ። የተበታተኑ ትንንሽ ካባዎችን በተወሰኑ ቦታዎች ሰብስቦ አንድ የአፈር ጥናትና አንድ የጋራ ክምር ቦታ ማዘጋጀት ይቻላል። ማኅበራቱ መሬቱን በክፍል በክፍል እየቆፈሩ ማንሣቱንና መመለሱን በእጅና በጋሪ ሊሠሩት ይችላሉ። የከተማ አስተዳደሮች ድንጋይ ሲገዙ የአፈር ማዳኛ ወጪን በዋጋው ውስጥ ማካተት ይችላሉ፤ ዋነኞቹ ገዢዎች እነርሱ ናቸውና።

ብዙም ያልታሰበበት ሌላ ምንጭ ከተማው ራሱ ነው። ሆሳዕና ስትሰፋ የእርሻ ማሳዎች የግንባታ ቦታ ይሆናሉ። ለመሠረት ቁፋሮ የሚነሣው የላይኛ አፈር ግን ከፍርስራሽ ጋር ተደባልቆ ይጣላል። ይህ አፈር በግንባታ ፈቃድ ላይ አንድ ግዴታ ተጨምሮ ተለይቶ ቢነሣ ቀደም ሲል አፈራቸውን ላጡ አሮጌ ካባዎች ልብስ ይሆናል። ድንጋዩን ይዞ ወደ ከተማ የገባው ገልባጭ ባዶውን በሚመለስበት መንገድ አፈሩን ሊያደርስ ይችላል።

ከቀጣዩ በጋ በፊት

ከክልሉ የማዕድን፣ የአካባቢ ጥበቃና የግብርና መሥሪያ ቤቶች የሚጠበቀው ሦስቱ በየፊናቸው የሚሠሩትን ማገናኘት ነው። ማንኛውም አዲስ የካባ ፈቃድ፣ ትንሹም ቢሆን፣ የአንድ ገጽ የአፈር መዝገብ ሊያያዝለት ይገባል። በመዝገቡ ላይ የላይኛው አፈር ውፍረትና መጠን፣ የክምሩ ቦታ፣ የመሬቱ የወደፊት አገልግሎትና የሚረከበው ሰው ይጻፋሉ። ቅጂው በቀበሌው፣ በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትና በባለ ይዞታው እጅ ይቀመጣል። የዋስትናው ገንዘብ የሚለቀቀው በመዝገቡ ላይ ያለው አፈር በቦታው ተነጥፎ ቢያንስ አንድ የሰብል ወቅት ሲያልፍ ይሆናል።

በተዘጉት ካባዎች ላይ ደግሞ ቆጠራ ያስፈልጋል፤ የትኛው ወደ እርሻ፣ የትኛው ወደ መኖ፣ የትኛው ወደ ዛፍ ሊመለስ እንደሚችል ተለይቶ እንዲታወቅ። ሁሉም ማሳ አይሆኑም፤ ማስመሰልም አይገባም።

የቁፋሮው ወቅት ክረምቱ ሲወጣ ይጀምራል። በዚያን ጊዜ በሌሞ፣ በቀዲዳ ጋሜላ ወይም በባደዋቾ አዲስ ካባ ሲከፈት የወረዳው ባለሙያ ሊያይ የሚገባው ሁለት የተለያዩ የአፈር ክምሮች መኖራቸውን ነው። ክምሮቹ ከሌሉ ድንጋዩ ከመጫኑ በፊት ሥራውን ማስቆም ይቻላል፤ ከተጫነ በኋላ ግን ለባለ ይዞታው የሚመለስለት ጉድጓድ ነው።